ጊልበርት ዋይትና የጨረባዎቹ ምስጢር

በእንግሊዝ አገር ብርዱ ሲገባ ሁለት ፍጥረቶች ከገበሬው ዓይን ይሰወራሉ። አንደኛዋ በኩሬው ዳር ስትዘል የከረመችው እንቁራሪት ናት፤ ሁለተኛዋ ከቤቱ ጣራ ሥር የጭቃ ጎጆዋን ሠርታ ጫጩቶቿን ያሳደገችው ጨረባ ናት። በረዶው ቀልጦ ዛፉ ማቈጥቈጥ ሲጀምር፥ ማለት እኛ የበልግ ዝናብ በምንጠብቅበት ወራት፥ ሁለቱም ተመልሰው ይመጣሉ። እንቁራሪቷ በኩሬው ጭቃ ውስጥ ተኝታ እንደ ከረመች ገበሬው ያውቃል። ጨረባዋስ የት ነበረች? በ18ኛው መቶ ዓመት ብዙ ሰዎች እርሷም እንደ እንቁራሪቷ ከውሃ ሥር ተኝታ የምትከርም ይመስላቸው ነበር። ይህን የሚሉት ያልተማሩ ሰዎች ብቻ አልነበሩም፤ ለእንስሳትና ለዕፅዋት ሥርዓት ያለው ስም ያወጣላቸው ታላቁ የስዊድን ሊቅ ሊኔየስ ሳይቀር በዚህ አሳብ ይስማማ ነበር።

ዛሬ ታሪኩን የምናቀርብላችሁ ጊልበርት ዋይት ይህን ጥያቄ ከጎልማሳነቱ እስከ ዕለተ ሞቱ ሲያወጣና ሲያወርድ የኖረ የገጠር ቄስ ነው። ጦር አልመራም፤ ባሕር አልተሻገረም፤ የሚያስደንቅ ሹመትም አላገኘም። በሕይወቱ ያሳተመው መጽሐፍ አንድ ብቻ ነው። ያ መጽሐፍ ግን ከ1789 ጀምሮ እስከ ዛሬ ድረስ በየጊዜው ይታተማል፤ የታተመበትም ጊዜ ከ200 በላይ እንደ ሆነ ይነገራል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኘው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።)

ዋይት የተወለደው ጁላይ 18 ቀን 1720 ሴልቦርን በምትባል መንደር ነው። መንደሪቱ ከሎንዶን በስተ ደቡብ ምዕራብ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሃምፕሽር አውራጃ ትገኛለች። ስሙን የወረሰው ከአያቱ ሲሆን፥ አያቱም የዚያው የሴልቦርን ደብር አለቃ ነበረ። ከመንደሪቱ በላይ ቢች በሚባለው ዛፍ የተሸፈነ ቀጥ ያለ ኰረብታ አለ። መንገዶቿ ከብዙ ዘመን ጀምሮ በጋሪና በጐርፍ እየተቦረቦሩ እንደ ቦይ የጠለቁ ስለ ነበሩ በዝናብ ጊዜ ከመንደሩ መውጣትም ወደ መንደሩ መግባትም አስቸጋሪ ነበር። ዋይት ራሱ በመጽሐፉ እንደ መዘገበው የደብሩ ሕዝብ በጠቅላላው 676 ነፍስ ነበረ።

ወጣቱ ጊልበርት ኦክስፎርድ ገብቶ በኦሪኤል ኮሌጅ ተማረ፤ በ1743 ዲግሪውን ተቀበለ፤ በሚቀጥለው ዓመት የኮሌጁ ባልደረባ ሆኖ ተመረጠ። ከዚያም ዲቁናና ቅስና ተቀበለ። በዚያን ዘመን እንደዚህ ያለ ወጣት መንገዱ የተጠረገለት ነበር፤ ጥቂት ታግሦ ጥሩ ገቢ ያለው ደብር ማግኘት፥ ከዚያም ከፍ ከፍ እያሉ መሄድ። ለዋይት ግን አንድ እንቅፋት ነበረበት። የሴልቦርንን ደብር አለቃ የመሾም ሥልጣን የማግደለን ኮሌጅ ነበር፤ እርሱ ደግሞ የኦሪኤል ሰው ነው። ስለዚህ በተወለደበት መንደር ቢበዛ ረዳት ቄስ ከመሆን በቀር አለቃ ሊሆን ከቶ አይችልም። በ1757 የኦሪኤል ኮሌጅ የበላይ ለመሆን ተወዳድሮ ሳይመረጥ ቀረ። ከዚያ በኋላ ሌላ ደብር ሊሰጠው ሲታሰብ ከሴልቦርን የሚያርቀው ከሆነ አይቀበልም ነበር። እንግዲህ ትምህርቱን የጨረሰ ሁሉ ወደ ትልቁ ከተማ በሚሮጥበት ጊዜ ይህ ሰው ዩኒቨርሲቲውን ጨርሶ ወደ ጭቃው መንደር ተመለሰ፤ በ1763 አጎቱ ሲሞት ዘ ዌክስ የተባለውን የቤተሰቡን ቤት ወርሶ እስኪሞት ኖረበት።

እውነቱን ለመናገር በዚህ ረገድ የሚነቀፍበት ነገር አለ። ከኦሪኤል ኮሌጅ የሚከፈለውን ገንዘብ እስከ ሕይወቱ ፍጻሜ ተቀብሎአል። በኖርዛምፕተንሽር አውራጃ የሚገኘውን የሞርተን ፒንክኒን ደብር በስሙ ይዞ ገቢውን እየወሰደ አገልግሎቱን ለሌላ ቄስ ትቶት ነበር። በጊዜው ይህ የተለመደ አሠራር ስለ ነበረ የከሰሰው የለም። የሞርተን ፒንክኒ ምእመናን ስለ ጨረባና ስለ እንቁራሪት ምርምር ምን ያህል እንዳዋጡ ግን ማሰብ ይገባል።

በ1751 ዋይት የአትክልቱን ሥራ የሚመዘግብበት ደብተር ጀመረ። መጀመሪያ ላይ የሚገኘው ነገር የዱባና የሐብሐብ፥ የፍግና የዘር ወሬ ነው። ቀስ በቀስ ግን ወፎች፥ ነፍሳትና አበቦች ወደ ደብተሩ እየገቡ መጡ። በ1767 ታናሽ ወንድሙ ቤንጃሚን፥ እርሱም በሎንዶን ከተማ መጽሐፍ ሻጭና አሳታሚ ነበር፥ ከእንስሳት ተመራማሪው ከቶማስ ፔናንት ጋር አገናኘው። ሁለት ዓመት ቈይቶም ዴንስ ባሪንግተን ከሚባል የሕግ ሰው ጋር መጻጻፍ ጀመረ። ባሪንግተን ለዋይት የሰጠው ነገር እኛን የቢሮ ሰዎችን ሳያስቀን አይቀርም፤ የታተመ ቅጽ ነው። በየቀኑ የነፋሱ አቅጣጫ፥ የሙቀቱ ልክ፥ የዝናቡ መጠን፥ ያበበው ተክል፥ የመጣችው ወይም የሄደችው ወፍ በየረድፉ የሚሞላበት ቅጽ። ዋይት ይህን ቅጽ ከ1768 ጀምሮ እስከ 1793 ድረስ ሃያ አምስት ዓመት ሞላው። ቅጽ መሙላት ሥራን የሚገድል ነው ብለን በየጊዜው ስናጉረመርም የምንውል ሰዎች በዚህ ሰው ፊት ጥቂት ማፈር አለብን።

በዚህ አኳኋን በየቀኑ ያንኑ አጥርና ያንኑ ኩሬ የሚያይ ሰው ሌላው ያላየውን ማየቱ አይቀርም። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ጸደይ በገባ ቍጥር በሴልቦርን ዛፎች ላይ አረንጓዴና ቢጫ የተቀላቀለባቸው ትንንሽ ወፎች ይመጣሉ። ሁሉም ሰው እነዚህን አንድ ወገን አድርጎ በአንድ ስም ይጠራቸው ነበር። ዋይት ግን ከላባቸው ይልቅ ድምፃቸውን አዳመጠ። አንደኛዋ ሁለት ድምፅ ብቻ እያፈራረቀች እንደ መዶሻ ታንኳኳለች፤ ሁለተኛዋ ከላይ ወደ ታች እየወረደ የሚጠፋ እንደ ማዘን ያለ ዜማ አላት፤ ሦስተኛዋ በረጃጅሞቹ ዛፎች ጫፍ ላይ ሆና ክንፏን እያንቀጠቀጠች ታርገበግባለች። ከዚህ በኋላ ወፎቹን እያስገደለ በእጁ ይዞ መረመራቸው፤ ይህ በጊዜው የነበረ ልማድ ነው። የአንደኛዋ እግር ጥቁር፥ የሌሎቹ ደግሞ ነጣ ያለ ሆኖ አገኘው፤ የሦስተኛዋም አካል ከሁለቱ ተለቅ ያለ ነበር። በዚህ ዓይነት በ1768 ሦስት የተለያዩ ወገኖች መሆናቸውን ለፔናንት ጻፈለት። ዛሬ የወፍ ትምህርት የጀመረ ልጅ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ መጀመሪያ አጣርቶ የለያቸው ግን ይህ ረዳት ቄስ ነው። በእህል ነዶ ውስጥ ጎጆዋን የምትሠራውንም ትንሽ አይጥ እንደዚሁ ለሊቃውንቱ ያስተዋወቀው እርሱ ሲሆን፥ ሁለቱን በሚዛን ቢያስቀምጣቸው አንዲት የመዳብ ሳንቲም ያህል ብቻ እንደ መዘኑ መዝግቦአል።

እንቁራሪትና ጓጉንቸር በዚያን ጊዜ ብዙ የሚጠሉና ብዙ የሚወራባቸው ፍጥረቶች ነበሩ። ጓጉንቸር መርዝ ናት እየተባለ ይፈራ ነበር። በሴልቦርን አንድ የሐሰት ሐኪም ሕዝቡን ለማስደነቅ ጓጉንቸር በአደባባይ በልቶ በላዩ ዘይት እንደ ጠጣ ዋይት ይተርካል፤ በዓይኑ ግን እንዳላየ ሳይደብቅ ነው የሚናገረው። በአንጻሩ ደግሞ ጓጉንቸር ስላለመዱ ወይዛዝርት ጽፎአል። ይህች ጓጉንቸር በአትክልቱ ቦታ ካለው ደረጃ ሥር በየማታው እየወጣች ከእራት በኋላ በገበታው ላይ ትቀመጥና ትል ትጎርስ ነበር። ለብዙ ዓመት እንዲህ ስትቀለብ ኖራ እጅግ ከገዘፈች በኋላ፥ አንድ ቀን ራሷን ብቅ ስታደርግ ለማዳ ቁራ ዓይኗን በመንቈሩ አጠፋው፤ ከዚያ ወዲያም መንምና ሞተች።

ስለ እንቁራሪት የነበረው ወሬ ደግሞ ከሰማይ ትዘንባለች የሚል ነው። ይህ ወሬ ያለ ምክንያት አልተነሣም። በማርች ወር በኩሬው የተጣለው ዕንቁላል ጅራት ያላቸው ግልገሎች ይሆናል፤ በጋው ሲደርስ ግልገሎቹ እግር አውጥተው ጅራታቸው ይጠፋል፤ ከዚያም ዝናብ ሲጥል የጣት ጥፍር እንኳ የማያህሉ እንቁራሪቶች በእልፍ እየሆኑ መንገዱንና ሜዳውን ይሞሉታል። ትናንት ባዶ የነበረው መንገድ ከዝናብ በኋላ በእንቁራሪት ተሞልቶ ያየ ሰው ከደመና ወረዱ ቢል አይፈረድበትም። ዋይት ቀደም ብሎ የነበረውን የጆን ሬይን አስተያየት በመደገፍ፥ ትንንሾቹ እንቁራሪቶች በደረቅ ምድር ላይ ስለሚሞቱ ከውሃ ለመውጣት የምድሩን መርጠብ የሚጠብቁ መሆናቸውን አስረዳ። ምክንያቱ ከሰማይ ሳይሆን ከኩሬው ተገኘ ማለት ነው።

ለእንቁራሪቶቹ እንዲህ ያለውን ግልጽ መፍትሔ ያገኘው ሰው ለጨረባዎቹ ግን አላገኘም። የሚያውቀው ነገር ብዙ ነበር። ጨረባ ኤፕሪል 13 ገደማ ትመጣለች። ከእርሷ ጥቂት ቀን ዘግይታ የምትመጣው ነጭ ወገብ ያላት ዘመዷ ጎጆዋን ከግድግዳ ላይ በጭቃ ስትሠራ በቀን ግማሽ ኢንች ያህል ብቻ ትለጥፍና እስኪደርቅ ትተወዋለች፤ በዐሥር ወይም በዐሥራ ሁለት ቀን ትጨርሰዋለች። ዋይት ይህን ሲያይ የጭቃ ግድግዳ የሚሠሩ ብልህ ሠራተኞች ትዝ ብለውት ነበር። የእኛም አገር ጭቃ ሠሪ ቢሆን እርጥቡን በእርጥብ ላይ ቢደራርበው ቤቱ እንደሚናድበት ጠንቅቆ ያውቃል። ከሁሉ ኋላ የምትመጣው ጥቁሯና ፈጣኗ ስዊፍት በየዓመቱ በመንደሩ ስምንት ጥንድ እንደ ሆነች ቈጥሮአል፤ በአየር ላይ እየበረረች ከተባዕቷ ጋር እንደምትገናኝም ተመልክቶ ጽፎአል። ስለ እነዚህ ወፎች የጻፋቸው ደብዳቤዎች በ1774 እና በ1775 በሎንዶን በንጉሣዊው የሳይንስ ማኅበር ፊት ተነበቡ። እርሱ ግን ሴልቦርን ነበር።

ዘመኑ የታላላቅ መንገደኞች ዘመን እንደ ነበረ ማስታወስ ያስፈልጋል። ካፒቴን ኩክ በ1768 ወደ ደቡብ ባሕር ጕዞውን ጀመረ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1769 ምጽዋ ወርዶ፥ በ1770 በዳግማዊ ተክለ ሃይማኖት ዘመነ መንግሥት ጎንደር ገብቶ፥ በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር ግሽ ዓባይ ደረሰ። ብሩስ የአንድ ወንዝን ምንጭ ፍለጋ ይህን ያህል አገር ሲያቋርጥ ዋይት የወፎቹን መኖሪያ ከመንደሩ ሳይርቅ ይፈልግ ነበር። ሠረገላ ያጥወለውለው ስለ ነበር ጕዞው በፈረስ ነው፤ ከእንግሊዝ አገርም ወጥቶ አያውቅም። ለጥያቄው የሚሆነው መልስ ግን በዚያን ጊዜ በአፍሪካ ሰማይ ላይ ይበር ነበር።

ዋይትን ያሳሳተው ስንፍና አይደለም፤ ያየው ነገር ነው። በኖቬምበር ወር፥ ወፎቹ ከሄዱ ብዙ ከቈዩ በኋላ፥ ፀሐይ ድንገት ሞቅ ስትል አንዳንድ ጨረባዎች ብቅ ይላሉ። በኤፕሪል መጀመሪያም የመጡት ብርዱ ሲመለስ ለጥቂት ቀን ይሰወሩና እንደ ገና ይታያሉ። እነዚህ ወፎች ሩቅ አገር ሄደው ቢሆን በአንድ ቀን እንዴት ይመላለሳሉ? እንቁራሪትም ጓጉንቸርም የሌሊት ወፍም በብርዱ ጊዜ ተደብቀው እንደሚተኙ ያውቃል። በ1780 አክስቱ ስትሞት የወረሳት ጢሞቴዎስ የምትባለው ኤሊ ደግሞ በአትክልቱ ውስጥ ጉድጓድ ቈፍራ እስከ ጸደይ ትተኛለች። ኤሊዋን ከተኛችበት ቈፍሮ አውጥቶ በሠረገላ 80 ማይል ያመጣት እርሱ ራሱ ነው፤ ከዚያ ወዲያ በየጊዜው ይመዝናት ነበር። (ጢሞቴዎስ ከሞተ በኋላ ሴት መሆኑ ታውቆአል፤ ቅርፊቱም በሎንዶን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ይገኛል።) እንግዲህ ይህን ሁሉ በደጁ የሚያይ ሰው ጨረባም ከእነዚህ እንደ አንዱ ብትሆን ምን ይገርማል ብሎ ቢያስብ አእምሮውን አልሳተም። ከውሃ ሥር ትተኛለች የሚለውን ወሬ ባያምነውም በቁጥቋጦና በዋሻ ውስጥ የሚደበቁ አይጠፉም የሚል አሳብ ነበረው።

በተቃራኒው ያለው ማስረጃም ከገዛ ወንድሙ መጣለት። ጆን ዋይት በጂብራልታር ለእንግሊዝ ጦር ቄስ ሆኖ ሲያገለግል ጨረባዎችና ሌሎች ወፎች በጸደይና በመጸው የባሕሩን ወሽመጥ በመንጋ ሲሻገሩ ያይ ነበር፤ አንዱ ዳር አውሮፓ፥ ሌላው ዳር አፍሪካ ነው። ጊልበርት ይህን በደስታ ተቀበለ፤ ብዙዎቹ እንደሚሄዱም አመነ። ጥቂቶቹ ግን ይቀራሉ የሚለውን አሳቡን አልተወም። እኛ ስናነበው ይህ ግትርነት ያስቸግረናል፤ ወንድሙ በዓይኑ ያየው ነገር እያለ በዓይኑ ያላየውን መጠራጠር አልቻለም ያሰኛል።

ሆኖም አሳቡን ሊፈትነው ወሰነ። በመጸው መጨረሻ ላይ ወፎቹ ሲዞሩበት የቈዩ አንድ ስፍራ በኰረብታው ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ ነበረ። በ1781 ጸደይ ሳይገባ አይቀርም በሚባልበት ጊዜ፥ ኤፕሪል 11 ቀን፥ ሠራተኞች ቀጥሮ ቁጥቋጦውንና የዛፎቹን ሥር አስበረበረ። አንድም ወፍ አልተገኘም። ሠራተኞቹ ገና በሥራ ላይ ሳሉ ግን የዚያ ዓመት የመጀመሪያዋ ባለ ነጭ ወገብ ወፍ ሰዎች እያዩዋት በመንደሩ ላይ በርራ መጣች፤ በቀጥታ ወደ አንድ አሮጌ ጎጆ ገባች፤ ጥቂት ቈይታም በቤቶቹ ላይ አልፋ ሄደች። ከዚያ በኋላ እስከ ኤፕሪል 16 ድረስ ሌላ አልታየም። አንድ ዘመን ሙሉ የጠበቀውን ነገር ፍለጋ ምድር ሲያስፈትሽ ወፏ ከራሱ በላይ አለፈች። ዋይት ሁለቱንም፥ ማለት የፍለጋውን ከንቱነትና የወፏን መምጣት፥ ሳይቀንስ ጽፎ ለባሪንግተን ላከው። ማንም ባላየው ፍለጋ ሊደብቀው የሚችለውን ነገር ነው የጻፈው። መጽሐፉን ለዚህ ክፍል ብቻ ብናነበው አይቈጨንም።

መጽሐፉም ለመውጣት ብዙ ጊዜ ወሰደ። ደብዳቤዎቹን ወደ መጽሐፍ እንዲያዞራቸው ባሪንግተን ያሳሰበው በ1770 ነበር። ዋይት ግን ሁልጊዜ አንድ የሚጣራ ነገር ይቀረው ነበርና ዐሥራ ስምንት ዓመት ያህል ዘገየ። የሴልቦርን የተፈጥሮ ታሪክና ጥንታዊ ቅርሶች የተባለው መጽሐፍ በወንድሙ በቤንጃሚን አሳታሚነት 1789 ተብሎ ታትሞ ወጣ። በውስጡ ለፔናንት 44፥ ለባሪንግተን 66 ደብዳቤዎች ይገኛሉ። ስለ ምድር ትሎች ጥቅም፥ አፈሩን እየበሱ ዝናብና አየር እንዲገባበት እንደሚያደርጉት፥ በ1777 የጻፈውም በዚያው ነው። ቻርልስ ዳርዊን ስለ እነዚሁ ትሎች ሙሉ መጽሐፍ ያወጣው ከመቶ ዓመት በኋላ በ1881 ሲሆን፥ በልጅነቱ የዋይትን መጽሐፍ አንብቦ ወፎችን መከታተል እንደ ጀመረ ስለ ራሱ በጻፈው ታሪክ ገልጾአል።

ከ1784 ጀምሮ ዋይት የሴልቦርን ረዳት ቄስ ሆኖ ሕዝቡን አጠመቀ፥ አጋባ፥ ቀበረ። ሚስት አላገባም። ሥዕሉንም አላሣለም፤ የእርሱ ናቸው የሚባሉት ሁለት ትንንሽ የብዕር ንድፎች ዲግሪውን ሲቀበል ገጣሚው አሌክሳንደር ፖፕ በሰጠው የሆሜር ትርጕም ውስጥ የተገኙ ናቸው። ጁን 26 ቀን 1793 በሰባ ሁለት ዓመቱ ዐረፈ፤ የዚያን ዓመት ጸደይ የመጡትን ወፎች ግን መዝግቦአል። በመቃብሩ ላይ ያለው ድንጋይ ትንሽ ነው፤ የስሙ የመጀመሪያ ፊደሎችና የሞተበት ቀን ብቻ ተቀርጾበታል።

ጥያቄው ከእርሱ በኋላ 119 ዓመት ቈየ። በሜይ 1911 በእንግሊዝ አገር በስታፎርድሽር አውራጃ ጆን ሜስፊልድ የሚባል ጠበቃ በቤቱ ጎጆ በሠራች ጨረባ እግር ላይ ቍጥር ያለበት ቀለበት አሰረ። በዲሴምበር 1912 ያችው ወፍ በደቡብ አፍሪካ በናታል በአንድ እርሻ ቤት ውስጥ ተይዛ ተገኘች፤ የቀለበቱም ቍጥር ወደ ሎንዶን ተጻፈ።

በእኛም አገር የክረምቱ ዝናብ አባርቶ መስከረም ሲጠባ ጅራታቸው እንደ መቀስ የተሰነጠቀ ጨረባዎች በሜዳውና በሐይቁ ዳር ይታያሉ፤ ከእነዚህም አንዳንዶቹ እዚሁ ይከርማሉ፥ ሌሎቹ ወደ ደቡብ ያልፋሉ። ከሴልቦርን የመጡ ግን አይደሉም። የእንግሊዝ አገር ጨረባዎች በፈረንሳይና በስፔን አድርገው፥ ሰሐራን በምዕራብ በኩል ቈርጠው ነው ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚወርዱት።